የጆርጅታውን ስም በዋንጫ ብቻ አልተሠራም

ስለ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን በደጋፊዎች መካከል የሚደረገው ክርክር እየከረረ ሄዷል። ዩኒቨርሲቲው ያለው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ስለ ሆነ ክርክሩ በእኛም መካከል ገብቷል። አንዱ ወገን «ቡድኑ ሞቷል፤ ተዝካሩም ወጥቷል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ገንዘብ ይፍሰስ፤ አሠልጣኝ ይባረር፤ ተጫዋች ይገዛ፤ ያን ጊዜ የጥንቱ ክብር ይመለሳል» ይላል። እኛ ከሁለቱም አይደለንም። ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋልና፤ ይኸውም ያ ክብር መጀመሪያ በምን እንደ ተገኘ ነው።

እንግዲህ ታሪኩን እንመልከት፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጆን ቶምፕሰን በ1972 የተረከቡት ቡድን በዚያ የጨዋታ ዘመን 3 ጊዜ አሸንፎ 23 ጊዜ የተሸነፈ ነበር። በመጀመሪያው ዓመታቸው 12 አሸንፈው 14 ተሸነፉ፤ በሁለተኛውም ዓመት ሽንፈትና ድሉ እኩል 13 ለ13 ሆነ። በ1975 ሽንፈት ሲደራረብባቸው በዩኒቨርሲቲው የጨዋታ አዳራሽ መስኮት ላይ፣ በጥቁርነታቸው እየሰደበ ይባረሩ የሚል ጽሑፍ ያለበት አንሶላ ተሰቀለ። ቡድኑ ግን በዚያው ዓመት፣ ከ1943 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለአገር አቀፉ ውድድር በቃ። በ1982 ለፍጻሜ ደርሶ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። በ1984 ሂውስተንን 84 ለ75 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ቶምፕሰንም ይህን ዋንጫ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። የአንሶላው ባለቤቶች ተሰምተው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር? ዛሬ «ይባረር!» የሚለውን ሁሉ ዘረኛ ነው አንልም፤ ትዕግሥት ማጣቱ ግን ያው ነው።

ዋንጫማ ስንቱ ኮሌጅ ወስዷል! ጆርጅታውንን ልዩ ያደረገው ሌላ ነው። ቶምፕሰን አየሩ የወጣለት ኳስ በቢሯቸው ያስቀምጡ ነበር፤ ኳሱ የተነፈሰ ቀን ምን ይተርፍሃል ለማለት። አራት ዓመት አብረዋቸው ከቆዩት 77 ተጫዋቾች 75ቱ ዲግሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ የተወሰነ የፈተና ነጥብ ያላሟላ አዲስ ተማሪ የትምህርት ድጎማ እንዳያገኝ የሚከለክል ደንብ ባወጣ ጊዜም፣ በጃንዩዌሪ 1989 ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሜዳውን ጥለው ወጡ። ደንቡ የድኻውን ልጅ ከትምህርት ደጅ ያስቀራል ብለው ነው። በሚከተለውም ዓመት ደንቡ ላላ። ስም ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

የጥንት ጀግና መመለስ ብቻውን እንደማይበቃም ታይቷል። የ1984ቱ ባለድል ፓትሪክ ዩዊንግ በ2017 አሠልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። በ2021 የሊጉን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አገኘ፤ በሚቀጥለው የጨዋታ ዘመን ግን ቡድኑ በመደበኛው የሊግ ውድድር 19 ጊዜ ተጫውቶ 19ኙንም ተሸነፈ። በ2023 ተሰናበተ።

ገንዘቡስ? ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ ከ2025 ጀምሮም ኮሌጆች በቀጥታ መክፈል ችለዋል። ይህን አንቃወምም። አዳራሹን የሚሞላው የተጫዋቹ ላብ ነውና ዋጋውን ማግኘቱ ፍትሕ ነው። የምንቃወመው፣ ተከፍሎታል ተብሎ ተማሪነቱ እንዲረሳ፣ እንደ ገበያ በግም በየዓመቱ ከበረት ወደ በረት እንዲነዳ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአንድ በጋ የተገዛ ቡድን በአንድ በጋ ይበተናል።

ስለዚህ ትንሣኤውን ከልብ የሚሻ ደጋፊ ጥያቄውን ይለውጥ። በዓመቱ መጨረሻ «ስንት አሸነፍን?» ሲል «ስንቱ ተመረቀ?» ብሎም ይጠይቅ። ለአሠልጣኙ ለቶምፕሰን የተሰጠውን ያህል ጊዜ ይስጥ። ቡድኑ ሲሸነፍም መቀመጫውን ባዶ አያድርግ። በድል ቀን ብቻ የሚመጣ ሰው ደጋፊ ሳይሆን እንግዳ ነው። ይህን ለማድረግ ያልፈቀደ ግን ስለ ጆርጅታውን ክብር አይከራከር፤ የሚፈልገው ዋንጫ ነውና፣ ዋንጫ ወዳለበት ይሂድ።