ደመወዙ ከእኛ፣ አዳሩ ከሌላ!

ውድ የሚኒያፖሊስ ጀመዓዎች! የከተማችን ፖሊስ የሚበላው ከምንከፍለው ግብር ነው። ፈረቃው ሲያልቅ ግን አብዛኛው ከተማውን ለቅቆ ይሄዳል። ልጁ ከልጆቻችን ጋር አይማርም፤ ለቅሷችን ላይ አይቀመጥም። ነገ ደግሞ ታጥቆ ይመጣብናል!

ከተማው «ሠራተኛዬ እዚሁ ይኑር» ብሎ መደንገግ አይችልም ወይ? አይችልም! የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ይህን ሥልጣን ነጥቀውታል።

«የመኖሪያ ምርጫ መብት ነው» ይሉናል። ማንም የትም ይኑር፤ የከተማ ሥራ ግን አማና ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1976 እ.ኤ.አ. ወደ ኒው ጀርሲ በመዛወሩ ከሥራ የተሰናበተውን የፊላደልፊያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አቤቱታ ውድቅ ሲያደርግ፣ ግዴታው ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥስ ወስኗል።

«ኪራዩ ውድ ነው» ይላሉ። ለእኛስ መቼ ረከሰ? ደመወዙ ለማይበቃው የጽዳት ሠራተኛ የቤት ድጋፍ ይሰጠው እንጂ፣ የእሱ ችግር የባለ መሣሪያው መሸሸጊያ አይሁን!

ጎረቤትም እንደሚበድል እናውቃለን። የበደለ ጎረቤት ግን በማግስቱ ዓይናችንን ያያል፤ ከሩቅ የመጣው መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል።

ጥያቄያችን አንድና ግልጽ ነው፦ ውሳኔው ለከተማው ሕዝብ ይመለስ!