ቀፎው የግል፣ ሚዛኑ የጋራ ይሁን

ንብ ማነብ በአብዛኛው ገበሬ ዘንድ ከዋናው እርሻ ጎን ለጎን የሚሠራ ሥራ ነው። ጥቂት ቀፎዎች ከቤት አጠገብ ወይም ከዛፍ ላይ ይሰቀላሉ። ማሩ ሲደርስ ተቆርጦ ለቤት የሚበቃው ይቀመጣል፤ የቀረው ለጠጅ ጣዮች ይሸጣል። ይህን የጎን ሥራ የአካባቢው ሕዝብ የጋራ ንግድ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን በቅድሚያ የጋራ መሆን ያለበት ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ዘመናዊ ቀፎዎችን በብድር ገዝቶ በአንድ ቦታ በማኖርና አባላት በተራ እንዲጠብቋቸው በማድረግ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ አጀማመር የተገላቢጦሽ ነው። ንብ የቅርብ ክትትል ትሻለች። ጉንዳን ሲወራት ወይም አበባ ጠፍቶ ስትራብ ፈጥኖ የሚደርስላት ባለቤት ያስፈልጋታል። የሁሉም የተባለ ቀፎ ብዙውን ጊዜ ጠያቂ ያጣል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ አብዛኞቹ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ መፍረሳቸው ከዚህ ጋር ሊታሰብ የሚገባው ትምህርት ነው።

እንግዲህ የጋራ መሆን ያለባቸው ሚዛኑ፣ የጥራት ምርመራው፣ መጋዘኑና ሽያጩ ናቸው። አንድ ገበሬ በአንድ ባልዲ ማር ከነጋዴ ጋር ሊከራከር አይችልም፤ የብዙዎች ማር ሲሰበሰብ ግን ዋጋ መጠየቅ ይቻላል። በሌላ በኩል የአንድ ሰው ያልበሰለ ማር የሁሉንም በርሜል ያበላሻል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት የማር የውኃ መጠን በጠቅላላው ከመቶ 20 እጅ መብለጥ የለበትም፤ ውኃ የበዛበት ማር ይቦካል። ስለዚህ እንጀራው ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም ሳይከደን አይቆረጥ። ጭስ አይብዛ። ማሩ ክዳን ባለው ንጹሕ የምግብ ፕላስቲክ ባልዲ ይቅረብ፤ ከመደባለቁም በፊት እያንዳንዱ ባልዲ በመለኪያ ይመርመር።

ሰሙም መረሳት የለበትም። ማር ከነሰፈፉ ሲሸጥ የሰሙ ጥቅም የሌላ ሰው ይሆናል። ማኅበሩ ማሩን ራሱ ካጣራ ግን ሰሙ ሁለተኛ ገቢ ይሆነዋል።

የማኅበር ሕይወት እምነት ነው። አባሉ ማሩን ሲያስረክብ የክብደትና የጥራት ደረሰኝ ይሰጠው፤ ከፊሉ ሒሳብ ወዲያው፣ ቀሪው ከሽያጭ በኋላ ባስረከበው መጠን ይከፈለው። መዝገቡ ለማንኛውም አባል ክፍት ይሁን። ሦስት ቀፎ ያላት እናትና ሠላሳ ቀፎ ያለው ጎረቤቷ በስብሰባ ላይ እኩል አንድ አንድ ድምፅ እንዳላቸው በተግባር ይታይ።

ከዚህም ሌላ ብቻውን የሚያነብ ሰው የጎረቤቱን መርጫ ሊያስቆም አይችልም። ማኅበሩ ግን ከቀበሌው ጋር ተስማምቶ አበባ በያዘ ሰብል ላይ ፀረ ተባይ እንዳይረጭ፣ ግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ በምሽት እንዲረጭ ማድረግ ይችላል። አባል ያልሆነው ገበሬም ጥቅሙን ያየዋል፤ ንብ የእርሱንም ኑግና ባቄላ ታዳቅላለችና።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞች ለቀፎ መግዣ ብድር ከማፈላለጋችሁ በፊት ሚዛን፣ ባልዲ፣ መለኪያና መዝገብ መኖራቸውን አረጋግጡ። ገበሬው ማሩ በትክክል ተመዝኖ ገንዘቡ በወቅቱ ሲደርሰው፣ ተጨማሪ ቀፎ ለመግዛት የሌላ ሰው ቅስቀሳ አያስፈልገውም።