የማይጮኸው ውሻ

ልጆቼ «ውሻ አምጡልን» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ኮንዶሚኒየም ሳለን መልሱ ቀላል ነበር፤ «አራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ አይያዝም» ብለን እንገላገላለን። ባለፈው ዓመት ግቢ ያለው ቤት ስንከራይ ግን ሰበባችን አለቀ። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «ካመጣን አይቀር ቤት የሚጠብቅ ይሁን።» የሰባት ዓመቱ ልጄ ነጭ ቡችላ አማረው። የአስር ዓመቷ እህቱ ምንም ይሁን ምን፣ ብቻ ቶሎ ይምጣ አለች።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከከተማው ዳር ወዳለ የውሾች መጠለያ ሄድን። ቡችላው ብዙ ነው። ልጄ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሮጥ እህቱ አንድ ጥግ ላይ ቆማ ቀረች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ቡናማ ውሻ እያየች ነበር። አፉ ዙሪያ ሸብቷል። ስትጠራው ጆሮውን ብቻ አንቀሳቀሰ እንጂ አልዞረም።

«እሱ ዓይን አፋር ነው» አለን የሚንከባከባቸው ወጣት። «ዘጠኝ አስር ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ባለቤቶቹ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው በር ላይ ትተውት ሄዱ። እዚህ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን የጠየቀው ሰው የለም።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴት ትተውት ይሄዳሉ?»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። የዛሬ ስምንት ዓመት እኛም ኮንዶሚኒየም ስንገባ ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረን። ልጄ ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ስለነበረች አታስታውሰውም። «የሚቀጥለው ተከራይ ይይዘዋል» ተባባልን፤ ተከራዩን ግን አልጠየቅነውም። ከወር በኋላ የድሮ ጎረቤቴን ገበያ አገኘኋት። ቡቺ ማታ ማታ መኪናችን በምትገባበት ሰዓት በሩ ፊት ለፊት ይቀመጣል አለችኝ። ሄጄ አላየሁትም። የት እንደደረሰም አልጠየቅሁም።

መጠለያው ደጃፍ ላይ፣ መኪና ውስጥ ሆነን፣ ይህን ለልጄ ነገርኳት። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ «እና አሁን ይሄኛውን ትተነው ልንሄድ ነው?» አለች። ተመልሰን ገባን።

አንዱን ውሻ ወስዶ ሌላውን መካስ አይቻልም፤ ቡቺ ቡቺ ነው። ግን ያን ቀን ለልጄ ጥያቄ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

አዲሱ ሽማግሌ ቤታችን እንደደረሰ ከውሃው ሮቶ ጀርባ ገብቶ ሦስት ቀን አልወጣም። ምግብ አስቀምጠን ስንሄድ ይበላል፤ ቆመን ካየነው አይነካውም። ከመጠለያው የተነገረን ነገር ባይኖር ኖሮ ተስፋ እንቆርጥ ነበር። እንዲህ ዓይነት ውሻ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይደነግጣል፣ በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በሦስት ወር «ቤቴ ነው» ማለት ይጀምራል ብለውናል። ለሁሉም ውሻ በእኩል የሚሠራ ሕግ ባይሆንም ትዕግሥታችንን በቀን ሳይሆን በወር እንድንለካ አድርጎናል። አቀራረቡንም አስተምረውናል፦ ትኩር ብሎ ዓይኑን አለማየት፣ ከፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን መቀመጥ፣ እጅን ከራሱ በላይ አለማንሳት፣ እሱ እስኪመጣ መጠበቅ።

መጠበቁ ለወንዱ ልጄ ከባድ ነበር። ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በርጩማዋን ከሮቶው አጠገብ አድርጋ የአማርኛ መጽሐፏን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማታ ከተደበቀበት ወጥቶ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ተኛ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

ስሙን ያወጡለት አብረውን የሚኖሩት አማቴ ናቸው። «ይሄ ሁሉ ደርሶበት ዝም ያለ፣ መቻል እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» አሉ። ይህን ሲሉ ግን ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም የሚለው አቋማቸው ፈቀቅ አላለም። እኔም አልተከራከርኩም፤ የመቻል ቦታ በረንዳው ላይ ሆነ። የክረምቱ ብርድ ሲጀምር ግን አሮጌ ጋቢያቸውን አጥፈው አነጠፉለት። «የመገጣጠሚያ ሕመም ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ያረጀ ውሻ የምታመጡ ከሆነ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሁን። መቻል አጥንት የማይቀበለው ኩሩ ስለሆነ መስሎን ነበር፤ ሁለት ጥርሶቹ በስብሰው ኖሯል። ተነቅለውለት ከሳምንት በኋላ ሌላ ውሻ ሆነ። ዓይኑ ላይ ስስ ዳመና አለ፤ ጆሮውም እንደ ድሮው አይሰማም። ስለዚህ ልጆቹ ከኋላ መጥተው አይነኩትም፤ ሲበላና ሲተኛም አይጠጉትም። ልጅ የሚነከሰው ብዙ ጊዜ በክፉ ውሻ ሳይሆን በደነገጠ ውሻ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ያገኛል። በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ መከላከል ግን ይቻላል። ልጃችሁን የትኛውም ውሻ፣ የጎረቤትም ይሁን የመንገድ፣ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያም ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ውሰዱት። የባህል መድኃኒት ሲፈለግ የሚባክነው ጊዜ ሕይወት ያስከፍላል።

ሌላው ትምህርታችን ምግብ ነው። የተረፈ ወጥና እንጀራ ለውሻ መስጠት የኖርንበት ልማድ ነው፤ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ያለ ሽንኩርት ደግሞ የምንሠራው ወጥ የትኛው ነው? ቸኮሌትና ዘቢብም ይጎዱታል። የተቀቀለ አጥንት ስል ሆኖ ስለሚሰበር አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። አሁን ለእሱ ሩዝ ከካሮትና ከትንሽ ሥጋ ጋር ያለ ቅመም እንቀቅላለን። ሁዳዴ ሲገባ ትንሹ ልጄ «መቻልም ይጾማል?» ብሎ አማቴን ጠየቃቸው። «እሱ ምን በድሎ!» አሉና ራሳቸው እንቁላል ቀቀሉለት።

ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው፣ «ቶሎ ይሞትባችኋል፤ ልጆቹ አይጎዱም?» የሚል ነው። ይጎዳሉ። ስንት ጊዜ እንደቀረው አናውቅም፤ ለልጆቹም አልደበቅናቸውም። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያረጀ ነገር ሁሉ በር ላይ እንደሚተው እያዩ እንዳያድጉ። ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ታዲያ ቤት ይጠብቃል?» ነው። አይጠብቅም። እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ ሲጮህ አልሰማንም። ቆጣሪ አንባቢው ሲገባ ተነስቶ ቦታ ይለቅለታል።

ባለፈው ወር አከራያችን ቤቱን ሊሸጡት እንደሆነ ነገሩን። ደላላው በማግስቱ መጣ፤ መቻል አሁንም አልጮኸም። ደላላው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ቅርብ የሆነ፣ ዋጋው የሚሻል አፓርታማ አለ አለን። እኔ ስለ ክፍሎቹ ብዛት መጠየቅ ጀመርኩ። ልጄ የበረንዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ምንም አላለችም፤ እኔን ብቻ ታየኛለች። መቻል አገጩን ጫማዋ ላይ አሳርፏል።

ቤት የሚጠብቅ ውሻ ይምጣ ያለው ባለቤቴ ነው ያቋረጠኝ። «ወንድም ዓለም» አለው ደላላውን፣ «ግቢ የሌለው ቤት አናይም።»

እስካሁን አላገኘንም። የወደድነው ሁሉ ውድ ነው፤ የሚቀመሰው ደግሞ ሩቅ ነው። ልጄ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ በርጩማዋን ይዛ በረንዳ ላይ ታነባለች፤ ቤት ስለ መቀየራችንም ጠይቃን አታውቅም።