የሙያ ዓምድ፦ ዘይቱ ለምን አመለጠ?

ባለፈው ወር እዚህ ካኩማ፣ መካኒክነት የሚለማመዱ ልጆች ጋ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር መጣች። እ.ኤ.አ. በ1984 መመረት ከጀመረው ባለ 70 ሞዴል ናት። የኋላ ግራ ጎማዋ በውስጥ በኩል ዘይት ለብሷል። ሹፌሩ «ኦይል ሲሉን ሁለቴ አስቀየርኩ፣ ብሬን በላ እንጂ አልቆመም» አለ። ልጆቹ ክሪክ ፍለጋ ሮጡ። እኔ ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ እንጠይቅ» አልኳቸው።

አንደኛ፦ የፈሰሰው ምንድን ነው? በጣት ነክታችሁ አሽትቱ። ወፍራምና የሚከረፋ ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ ያኔ ኦይል ሲል መቀየር ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፦ ለምን ፈሰሰ? ከአክስሉ በላይ በኩል ትንሽ መተንፈሻ አለች። መኪናው ሲሄድ ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ይሰፋል፣ በእሷም ይወጣል። አቧራና ጭቃ ከደፈናት አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ ከንፈር በኩል ይገፋዋል። አዲስ ብትገጥሙም ያው ነው። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ አልፎ ተሞልቶ፣ ወይም ኩሽኔታው ተበልቶ እንደሆነም እዩ።

ሦስተኛ፦ አሠራሩ። የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አግዱ። በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር አትግቡ፤ በጠንካራ እንጨት ደግፉት። አሮጌውን ስታወጡ ብረቱን በካቻቢቴ አትጫሩ፤ ጭረቷም ዘይት ታሳልፋለች። የአዲሱን ከንፈር ግራሶ ቀቡ፤ ሞላ ያለበት ጎን ወደ ውስጥ፣ ወደሚያግደው ዘይት ይዙር። በእንጨት ዙሪያውን እኩል መታ መታ አድርጋችሁ አስገቡ። የኩሽኔታውን ዳዶ ስትመልሱ ጎማው በነፃነት ይዙር፣ ግን አይወዛወዝ።

ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም። አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው ይንሸራተታል፣ መኪናው ወደ ጎን ይጎትታል። በሁለቱም ጎን ቀይሩት። ይቺው መኪና ሌሊት ምጥ የያዛት እህታችንን ልትጭን ትችላለችና «ለጊዜው ይሂድ» አትበሉ።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። አንዱ ልጅ ከሥር ገብቶ «ጋሼ፣ መተንፈሻዋ ድፍን ብላለች!» ብሎ ጮኸ። በናፍታና በቀጭን ሽቦ አጸዳት፤ ለዚያ አንድ ሽልንግ አላስወጣም። ከዚያ በኋላ የተገጠመው ኦይል ሲል እስካሁን ደረቅ ነው። ልጆች፣ ዕቃ መቀየር ማንም ይችላል፤ ባለሙያ የሚያሰኘው ምክንያቱን ማግኘት ነው።