«አጥፍቼው ነበር» ያለ ልጅ ሁሉ ዋሾ አይደለም

ፈተና እየደረሰ ስለሆነ ሳልረሳት ይቺን ልጻፍ ብዬ ነው። ጉዳዩ ስልክ ነው፤ አጥፍተነው ስናበቃ ራሱን አብርቶ የሚጠብቀን ስልክ።

ነገሩ ለብዙ ሰው ቀልድ ነው። ለእኔ ግን አይደለም። ፈተና ክፍል ውስጥ ስልክ ይጮሃል፤ ልጅቱ «አጥፍቼው ነበር፣ እውነቴን ነው ቲቸር» ትላለች፤ ፈታኙ «ጭራሽ ትዋሻለሽ!» ብሎ ወረቀቷን ይቀማታል። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ስለ ስልክ መሆኑ ይቀርና ስለ ልጅቱ ስም ይሆናል። ጓደኞቿ ፊት፣ ወላጆቿ ፊት ኮራጅም ዋሾም ሆና ትቀራለች። እኔ የምለው፣ ስልክ ራሱን የሚያበራበት ስንት መንገድ እንዳለ ሳናውቅ «ዋሸሽ» ለማለት ምን አስቸኮለን?

የመምህሩ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ አፈትልኮ ሲሰረዝ አገሩ ሁሉ ያየው ነው። በ2015 ደግሞ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ጀመሩ፤ ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ሆነ። እንዲህ ባለ ነገር ያለፈ መምህር ስልክ ሲጮህ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። መደንገጥና መፍረድ ግን ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ስልክ «ጠፋ» ስንል ስክሪኑ ጨለመ፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ ማለት ነው እንጂ ውስጡ ያለው ሁሉ ሞተ ማለት አይደለም። ባትሪው ቻርጅ እስካለው ድረስ ኃይል የሚያከፋፍለው ትንሽ ቺፕ አይተኛም። ዘበኛ በሉት፤ ጌታው ሲተኛ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያድር ዘበኛ። ይህ ዘበኛ ጆሮውን የሚሰጠው ለሦስት ነገር ነው። የማብሪያው ቁልፍ ተጫነ ወይ? ቻርጀር ተሰካ ወይ? የተቀጠረ ሰዓት ደረሰ ወይ? ከሦስቱ አንዱን የሰማ ከመሰለው ጌታውን ይቀሰቅሳል። ማን እንዳንኳኳ አይጠይቅም እኮ። የተጫነው ጣት ይሁን የጠበበ ከቨር ለእሱ አንድ ነው።

ለእኛ አገር ሰው የተለየ ጣጣ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ (ሦስቱም ትራንሽን የሚባለው የቻይና ኩባንያ ልጆች ናቸው) በብዙ ስልኮቻቸው ላይ በቀጠሮ መብራትና መጥፋት የሚባል ነገር አላቸው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መፈለጊያው ላይ «ስኬጁልድ ፓወር ኦን ኦፍ» ብትሉ ታገኙታላችሁ። አሁን ይቺን አስቡ። አንድ ልጅ «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይብራልኝ» ብሎ 1:00 ይሞላል። ስልኩ የሚያውቀው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ለእሱ 1:00 ኤ.ኤም. ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ፒ.ኤም. ላይ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት። ልጁ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በገዛ እጁ አጥፍቶ ለከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ይገባል። ልክ 7 ሰዓት ሲሆን ስልኩ በታዘዘው መሠረት ብድግ ይላል። እንግዲህ ማነው ዋሾ? ልጁም እውነቱን ነው፣ ስልኩም እውነቱን ነው። የተለያዩት በ6 ሰዓት ብቻ ነው።

ባሰ የሚለው ደግሞ አለ። ብዙ ተማሪ የሚይዘው ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከአጎቱ የተረፈውን ስልክ ነው። ቀጠሮውን የሞላው ወንድምየው ይሆናል፤ ልጁ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ባለ ቁልፍ ስልኮችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። የድሮውን ኖኪያ የያዘ ሰው ያስታውሳል፤ አጥፍታችሁት እንኳ አላርሙ ሲደርስ ይጮህ ነበር፣ ከዚያ «ላብራ?» ብሎ ይጠይቃል። ቢያንስ ይጠይቅ ነበር፣ ጨዋ ስልክ!

ወደ ቁልፉ ልምጣ። እዚህ እኛ ጋ በጋ አቧራ ነው፣ ክረምት ጭቃ ነው። ቆሻሻው ማብሪያው ሥር ገብቶ ሲደርቅ ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ማጥፊያው ሜኑ በራሱ ይመጣል፣ አንዳንዴም የኩባንያው ስም ላይ ደርሶ እየተመለሰ ደጋግሞ ይነሳል። ይህ የርካሽ ስልክ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የጉግሉ ኔክሰስ 5 ራሱ በዚሁ ቁልፍ ይታማ ነበር። ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ከቨሩን አውልቁ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ አጥፉትና ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰዓት ተዉት። ሳይነሳ ከቆየ ጥፋተኛው ከቨሩ ነበር ማለት ነው፤ ሌላ ግዙ ወይም ቁልፉ ያለበትን ጎን በምላጭ ሰፋ አድርጉት። ከቨር የሌለውም ስልክ ከተነሳ ቁልፉን ወይም ቀጠሮውን ጠርጥሩ።

አንዳንዴ ደግሞ ጣታችን ነው። ማብሪያውን ተጭነን ሜኑው ከመጣ በኋላም አንለቅም፤ «ይጥፋ» ብለን ስናጠብቅ ስልኩ አሥር ሰከንድ ገደማ ሲሞላው «ተጨናንቄያለሁ፣ እንደገና አስነሱኝ» ማለታችን ይመስለዋል። በብዙ ስልኮች ላይ ረጅም ጭነት ትርጉሙ ሪስታርት ነው። ሜኑው እንደመጣ ልቀቁና «ፓወር ኦፍ» የሚለውን በጣታችሁ ንኩ፤ ክብ ቀስት ያለበት ሪስታርቱ ነው፣ እሱን አይደለም።

የቻርጀር መሰኪያውም ያው ነው። እርጥበት ወይም ዝገት ሲገባበት ዘበኛው ቻርጀር የተሰካ ይመስለዋል። ስልኩን አጥፍታችሁ በቀጭን የእንጨት ስንጥር በቀስታ ጥረጉት፤ በመርፌ ግን አይሆንም። በአረቄ የሚያጸዱም አይቻለሁ! ወንድሜ፣ አረቄ ውስጥ ውሃ አለ፤ እሱን ለእንግዳ አስቀምጠው። ባትሪው ያበጠና ጀርባውን የገፋ ስልክ ካላችሁ ግን ቁልፍ ምናምን መፈለጉን ተዉትና ቻርጅ ሳታደርጉ ባትሪውን አስቀይሩ። እሱ የእሳት ጉዳይ ነው፤ ሳምሰንግ በ2016 እ.ኤ.አ. ጋላክሲ ኖት 7ን ከገበያ የሰበሰበው በባትሪ ምክንያት ነው።

«ተጠልፌ ነው» የሚሉኝም አሉ። በዚህ ዘመን ሰው ቢጠራጠር አይገርምም። ግን እስቲ አስቡት፣ ሊሰልላችሁ የሚፈልግ ሰው ስልኩ መብራቱን እንድታዩ፣ ደወል እንድትሰሙ ለምን ይፈልጋል? የሚጮህ ሰላይ የት አገር አለ? መጀመሪያ ከቨሩን አውልቁ።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ነገር። ሰው ይህን ስልክ ይዞ ጥገና ቤት ይሄዳል። ጠጋኙ ቁልፉን ሳያይ፣ ሴቲንጉን ሳይከፍት «ሶፍትዌር ነው፣ ፍላሽ መደረግ አለበት» ይላል። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፤ በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ «ሂድ፣ ደህና ነው» ብሎ ሳንቲም ሳይቀበል የሚሸኝ ጠጋኝ አውቃለሁ። ግን ፍላሽ ለምዶባቸዋል። በእርግጥ ሶፍትዌሩ የሚያጠፋበት ጊዜም አለ፤ ስልኩ ሲዘጋ መሀል ላይ ይንቃል፣ ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ «ተንቋል» ብሎ እንደገና ያስነሳዋል። ይህ ግን መጨረሻ ላይ የሚጠረጠር ነው። ፍላሽ ማለት ፎቶው፣ የድምፅ ቅጂው፣ ስልኩ ላይ የተመዘገበው ቁጥር ሁሉ ሄደ ማለት ነው። አንዲት እናት የሞተ ልጇን ፎቶ በዚህ መንገድ ስታጣ አይቻለሁ። የተደረገው ሁሉ ተደርጎ ስልኩ አሁንም ራሱን ያበራ ነበር፤ ቁልፉ ነበራ!

ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ስልኩ በግድ ከተደመሰሰ በኋላ ቀድሞ የነበረውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ለሌባ የተሠራ ጥሩ ጥበቃ ነው። እኛ ጋ ግን ስልክ ስንገዛ ጂሜይሉን የሚከፍትልን ሻጩ ነው፤ ፓስወርዱን እሱም እኛም አናስታውሰውም። ስለዚህ ፍላሽ ተደርጎ የመጣ ስልክ በገዛ ባለቤቱ ላይ ይቆለፋል፣ ለመክፈቻ ሌላ ብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ «በቃ ሌላ ልግዛ» የሚባልበትም ጊዜ አይደለም። እባካችሁ ዛሬውኑ ጂሜይላችሁን ከነፓስወርዱ ወረቀት ላይ ጻፉና ቤት አስቀምጡ፤ ፎቶዎቻችሁንም ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጡ።

መብራት የሌለበት ቀበሌ ውስጥ ያላችሁ ወላጆች ያሏችሁ ልጆች ይቺን ለቤተሰብ ንገሩልኝ። አባት ከተማ ወጥቶ ስልኩን ቻርጅ ያስደርጋል፣ ለሳምንት እንዲበቃው አጥፍቶ ኪሱ ይከታል። ኪሱ ውስጥ ይበራል። ኔትወርክ በሌለበት ገደል ለገደል ሲሄድ ስልኩ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ ቤት ሲደርስ ባዶ። ሌሊት ሰው ቢታመም በምን ይደወል? ስልኩ እስኪሠራ ድረስ ከማጥፋታቸው በፊት ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ያጥፉት። በአብዛኛው ሲነሳም እዚያው ሞድ ላይ ስለሚነሳ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ባትሪውም ይቆያል። አላርሙን ግን አያስቆምም፤ ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉ።

ለመምህራን ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። «ስልካችሁን አጥፉ» የሚለውን ደንብ እንተወው። ማጥፋት በልጁ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ ልጁ ሊቆጣጠረው በማይችለው ነገር ልጁን ልንቀጣው ነው። ደንቡ «ስልክ ፈተና ክፍል አይገባም» ይሁን። ጠዋት በር ላይ ተቀብለን፣ በወረቀት ስሙን ጽፈን በላስቲክ አስረን፣ አንድ ካርቶን ውስጥ ከተን ቢሮ እንቆልፍበት። ይዞ የገባ ካለ ይዞ በመግባቱ ይጠየቅ፤ ያ ግልጽ ጥፋት ነው፣ ምስክርም አያስፈልገውም። ከዚያ ወዲያ ስልኩ 7 ሰዓት ላይ ራሱን ቢያበራ ካርቶኑ ውስጥ እንደፈለገ ይጩህ።