የካፕኬኩ ልክ ይነገረን

በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች መስታወት ውስጥ በወረቀት ኩባያ ተቀምጦ፣ ክሬም እንደ ባርኔጣ የተደፋበት የቸኮሌት ካፕኬክ ለልደትም ለምረቃም ይገዛል። ገዢው ዋጋውን ጠይቆ ይከፍላል፤ ምን እንደሚበላ ግን አይነገረውም። የጤፉን ደረጃ ሳያይ አንድ ኩንታል የማይገዛ ነጋዴ፣ ልጁ የሚበላው ኬክ ውስጥ ስንት ስኳር እንዳለ ሳይጠይቅ ለምን ይገዛል?

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስላው። በተለመደ የቤት አሠራር ለ12 ካፕኬክ 200 ግራም ዱቄት፣ 250 ግራም ስኳር፣ 60 ግራም ኮኮዋ፣ 120 ግራም ዘይትና 2 እንቁላል ይገባል እንበል። ለክሬሙ ደግሞ 250 ግራም የተፈጨ ስኳርና 125 ግራም ቅቤ። ስኳሩ ሲደመር 500 ግራም፣ ለ12 ሲካፈል ለአንዱ 42 ግራም ያህል ይደርሳል። ይህ 10 የሻይ ማንኪያ ነው። ማኪያቶው ላይ ሦስተኛ ማንኪያ ሲጨመር «ኧረ በቃ!» የሚል ሰው ይህንን ዝም ብሎ ይውጠዋል። ካሎሪውም 400 ገደማ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብና መጠጥ ውስጥ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። ቀኑን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ጣሪያው 50 ግራም መሆኑ ነው። ከ5 በመቶ ቢያንስ ደግሞ ይመረጣል ይላል። 1,500 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ጣሪያው 37.5 ግራም ስለሆነ አንድ ካፕኬክ ብቻውን ያልፈዋል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ ገና አልተቆጠረም።

«ቸኮሌት ለልብ ጥሩ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ኮኮዋ ውስጥ ለደም ሥር የሚበጅ ፍላቫኖል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ነገር ግን በእኛ ስሌት ለአንዱ ኬክ የደረሰው ኮኮዋ 5 ግራም ነው። ጥቁር መልክ እንዲይዝ በአልካሊ የታከመ ኮኮዋ ከሆነ ደግሞ ፍላቫኖሉ አብዛኛው ጠፍቷል። ይህን ይዞ ስለ ጤና ማውራት፣ አንድ ኩንታል ገብስ ላይ አንድ ጣሳ ስንዴ በትኖ ስንዴ ነው ብሎ እንደ መሸጥ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበን ቅባቱ ነው። ፈሳሽ ዘይት በሃይድሮጂን በከፊል እንዲረጋ ሲደረግ ትራንስ ፋት ይፈጠራል። ይህም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ገደብ ጣለችበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ፋብሪካ የሚያመርተው ትራንስ ፋት ከምግብ ጨርሶ እንዲወጣ ጥሪ አቀረበ። የፓልም ዘይት ጉዳይ ሌላ ነው፤ በተፈጥሮው የሚረጋ ስለሆነ ሃይድሮጂን አያስፈልገውም፤ ሆኖም ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው የቅባት ዓይነት ነው። ጋጋሪው ማርጋሪን ሲገዛ የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ይችላል። ከመስታወቱ ወዲህ የቆመው ደንበኛ ግን የሚያነበው ነገር የለውም።

ባለ ኬክ ቤቱ «ይህን ሁሉ ብጽፍ ማን ይገዛኛል?» ይል ይሆናል። የአሜሪካኑን ሆስተስ እንመልከት። የቸኮሌት ካፕኬክ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። በአሜሪካ ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ ካሎሪውንና ስኳሩን እንዲጽፍ ከ1994 ጀምሮ ግዴታ ሆኖበታል። ኩባንያው በ2012 ሲዘጋ ያንገዳገደው የዕዳ ክምር፣ የጡረታ ክፍያና የሠራተኞች አድማ ነበር። በ2013 ሁለት ባለሀብቶች የኬክ ሥራውን በ410 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው አስነሡት። በ2023 ስማከር የተባለው ኩባንያ ዕዳውን ጨምሮ በ5.6 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ስማከር ዋጋው እንደተወደደበት በ2025 በሒሳብ መዝገቡ ላይ ቀንሶ አምኗል፤ ያም ሆኖ 410 ሚሊዮኑ ቢሊዮኖች የሆነው ስኳሩ በማሸጊያው ላይ በግልጽ ተጽፎ እያለ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከዋጋው ጎን በትንሽ ካርድ ላይ የኬኩ ክብደት፣ ስኳሩ በግራም፣ ቅባቱ ቅቤ ይሁን ዘይት ወይም ማርጋሪን ይጻፍ። ክሬሙን በግማሽ የሚቀንስ ደግሞ ስኳሩን ከ42 ወደ 31 ግራም ያወርዳል፣ 80 ያህል ካሎሪም ይቀንሳል። ደንበኛ ክሬም ይወዳል የሚባለው ልክ ነው፤ ግን ልጆች ክሬሙን ልሰው ኬኩን ጠረጴዛ ላይ ጥለው ሲሄዱ ያላየ ባለ ኬክ ቤት የለም። ከቅቤው የሚተርፈውን 60 ግራም ያህል በአሁኑ የቅቤ ዋጋ እሱ ራሱ ያስላው።