“እርሺው” ብሎ መድኃኒት የለም!

“ትወደኛለች ወይስ እያሞኘችኝ ነው?” ብለህ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ያንተ ተራ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል። ምክንያቱም ከወደ መተማ በመንገደኛ እጅ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። እሱን ሳነብ ውዬ፣ እሱን ሳስብ አድሬያለሁ።

መተማ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ለታሪክ ወዳዱ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ምድር ነው። ለነጋዴው የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ለቀን ሠራተኛው የሐሩር፣ የወባና የካላዛር አገር ነው። ለስንትና ስንት ወጣት ደግሞ የሱዳን በር ነው። ደብዳቤውን የላከችልኝ እህት በዚያ በር ወጥታ በዚያው በር የተመለሰች ናት። ስሟን አልጠቅስም። እንዳትታወቅም አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ፤ እሷም ፈቅዳልኛለች።

በ17 ዓመቷ ከገንዳ ውሃ አካባቢ ተነሥታ በደላላ እጅ ድንበር ተሻገረች። ካርቱም ውስጥ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠራች። “አሠሪዬ በጥፊ ነበር የምትቀሰቅሰኝ። የባልየውን ነገር ግን አልጽፈውም” ትላለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደመወዟንም ሻንጣዋንም ጥላ፣ በገዳሪፍ አድርጋ ጋላባት ደረሰች። ከዚያ መተማ ዮሐንስ ገባች። “አገሬ ገባሁ ብዬ መሬቱን ሳምኩት” ይላል ደብዳቤው።

ምን ዋጋ አለው! ጥቂት ወራት ሳይቆይ በክልሉ ውስጥ ግጭት ተቀሰቀሰ። ወንድሟ ወደ ጎንደር ሲጓዝ መንገድ ላይ ታገተ። ከብቱ ተሸጦ፣ ከዘመድ ተለምኖ፣ ማስለቀቂያው ተከፍሎ ተለቀቀ። ወንድሟ መጣ፤ የእሷ እንቅልፍ ግን ሄደ።

ዛሬ 27 ዓመቷ ነው። የድስት ክዳን ሲወድቅ ራሷን አልጋ ሥር ታገኘዋለች። ወንድ ጮክ ብሎ ሲናገር እጅና እግሯ ይደነዝዛል። አንድ ጥሩ ልጅ ለትዳር ጠይቋት ነበር፤ “እኔ ለሰው የምሆን አይደለሁም” ብላ ሸሸችው። ጎረቤት “ለክፎሽ ነው” ይላል። እናቷ ደግሞ “ልጄ፣ ነፍስሽ ተርፋ የለ? ተመስገን በይና እርሺው” ይሏታል። ሦስት ሳምንት ጠበል ገብታ ቀለል ብሏት ነበር፤ ቤት ስትመለስ አብሮ ተመለሰ።

ጥያቄዋ ሦስት ነው፤ አብጃለሁ ወይ? እድናለሁ ወይ? የት ልሂድ፣ ምንስ ላንብብ?

ለምን ይዋሻል፣ “እርሺው” የሚለውን ቃል እኔም ለስንት ሰው ተናግሬዋለሁ! አባቴ በ1990 ዓ.ም ከተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ዘምቶ የተመለሰ ነበር። ሌሊት ሌሊት ይጮሃል። እናቴ “አባታችሁ ቅዠት ነው፣ ተኙ” ትለናለች። ጠዋት ሁላችንም ምንም እንዳልሰማ ሰው ሻያችንን እንጠጣለን። “አባባ፣ ሌሊት ምን እያየህ ነው?” ያለው ሰው ሳይኖር ሞተ። የመተማዋን እህት ደብዳቤ ሳነብ የአባቴ ሌሊት ነው ትዝ ያለኝ።

እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የአእምሮ ጤና ነርስ የሆነች ጓደኛዬን ሳስጨንቅ፣ ያገኘሁትንም ሳገላብጥ ሰነበትኩ።

አብጃለሁ ወይ?

አላበድሽም፣ እህቴ! አንቺ ቆላ ስላደግሽ በምታውቂው ነገር ላስረዳሽ። ሰው ትኩሳት ሲይዘው “ወባ ነው” ተብሎ የወባ ኪኒን ሲውጥ ይከርማል። ሆዱ ሲነፋና ሰውነቱ ሲያልቅ ነው ካላዛር መሆኑ የሚታወቀው። የበሽታው ስም ካልታወቀ ትክክለኛው መድኃኒት አይታዘዝም። ያንቺም እንደዚያው ነው። “ልክፍት” ሲሉሽ፣ “ቁጡ ናት” ሲሉሽ፣ “ምስጋና አታውቅም” ሲሉሽ ቆይተው እውነተኛ ስሙን የነገረሽ የለም።

አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ነገር ለይታ አሳየች። አንድ ቀን የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰውና ማምለጥ በማይችልበት ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ ውስጥ ለዓመታት የተሠቃየ ሰው ቁስላቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ባለሙያዎች የሁለተኛውን ቁስል “ኮምፕሌክስ ትራውማ” ይሉታል፤ እኛ ውስብስብ የመንፈስ ቁስል ብንለው ያስኬዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከእሱ የሚመጣውን ሕመም ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ ራሱን ችሎ አስፍሮታል።

ምልክቶቹ ስድስት ናቸው። ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል ተመልሶ መምጣት፤ የሚያስታውስን ነገር ሁሉ መሸሽ፤ አደጋ በሌለበት ሁልጊዜ መባነን። እነዚህ ሦስቱ ከአንድ አደጋ በኋላም ይመጣሉ። ውስብስቡ ሌላ ሦስት ይጨምራል፤ ስሜትን መቆጣጠር ማቃት፣ ወይ መንደድ ወይ መደንዘዝ፤ “እኔ የማልረባ ነኝ” ብሎ በራስ ማፈር፤ ሰውን መቅረብና ማመን አለመቻል። ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው፤ ስድስቱም አሉበት። እርግጡን የሚነግርሽ ግን ባለሙያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሮሽ ሰባት ዓመት ሙሉ ዘብ ቆሞ አትርፎሻል። “በቃ፣ ተረኛው መጥቷል፤ ግባና ተኛ” ያለው ስለሌለ ዛሬም እዚያው በር ላይ ቆሟል።

እድናለሁ ወይ?

ይዳናል! ግን ተራ አለው። ኸርማን ሦስት ደረጃ አስቀምጣለች። መጀመሪያ ደኅንነት ነው። ቀጥሎ የሆነውን ማስታወስና ማልቀስ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ወደ ሰውና ወደ ኑሮ መመለስ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከቀደመ ቁስሉ ያመረቅዛል።

“ታዲያ መንገዱ በሚያስፈራበት አገር ምን ደኅንነት አለ?” ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ከሱዳን ሸሽተው በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ መጠለያዎች የገቡ ስደተኞች ራሳቸው በ2016 ዓ.ም “እዚህም ሥጋት ነው” ብለው ወጥተው መንገድ ላይ ሰፍረው ነበር። ስለዚህ ፍርሃትሽ ሁሉ ቅዠት ነው አልልሽም። ግን ትልቁ ሰላም እስኪመጣ ትንንሹን መሥራት ይቻላል፤ የሚቆለፍ በር፣ አብራሽ የምታድር እህት ወይም ጓደኛ፣ የማይጮህብሽ አሠሪ፣ የማትፈሪው አንድ ሰው።

ከእኛ በባሰ ቦታ የዳኑ ሰዎች አሉ። ኡጋንዳ ውስጥ በስደተኞች ሠፈር በነበሩ 43 ሱዳናውያን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አለ። አንዳንዶቹ ከሠለጠነ ሰው ጋር አራት ጊዜ እየተቀመጡ የሕይወት ታሪካቸውን ከልጅነት ጀምሮ በቅደም ተከተል ተናገሩ። በዚህ ሕክምና ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል። ለክፉው ቀን ድንጋይ፣ ለደጉ ቀን አበባ ይቀመጥበታል። ሰውየው ሕይወቱ ድንጋይ ብቻ እንዳልነበረ በዓይኑ ያያል። ከዓመት በኋላ በሽታው ያልለቀቃቸው ከመቶ 29 ብቻ ነበሩ። ሌላ ዓይነት ምክር ካገኙት ግን ከመቶ 80 ያህሉ እንደታመሙ ነበሩ።

እዚያው ኡጋንዳ 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች የተካፈሉበት ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል። ግማሾቹ በቡድን ተሰብስበው፣ ለአምስት ሳምንት በድምፅ የተቀዳ ትምህርት አብረው እያዳመጡ ተለማመዱ። ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ካልሠለጠኑት ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ተአምር አይደለም፤ ግን በድንኳን ውስጥም የሚቻል ነገር መሆኑን ያሳያል።

የእኛው ሐኪም ፕሮፌሰር መስፍን አርአያም ከኤርትራ ተፈናቅለው በመጡ ኢትዮጵያውያን ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 አቅርበዋል። ያለፈው መከራ ብቻ ሳይሆን ዛሬ የሚኖሩበት ሁኔታና ከጎናቸው ያለው ሰው ለጤናቸው ትልቅ ቦታ አለው። ከጎን ያለው ሰው! ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የት ልሂድ፣ ምንስ ላንብብ?

አንደኛ፣ በቅርብሽ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪ። “የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ጤና መኮንን አለ ወይ?” ብለሽ ጠይቂ። “ራሴን አመመኝ” ብለሽ ፓራሲታሞል ይዘሽ አትመለሺ። “እንቅልፍ የለኝም፣ እባንናለሁ፣ ያለፈው ነገር ይመጣብኛል” በይ። አፍሽ እምቢ ካለ ለእኔ እንደጻፍሽው ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪ።

ሁለተኛ፣ መንገዱ ሲረጋጋ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ሪፈር አጽፊ። አዲስ አበባ ዘመድ ላለው አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ከስደት ተመላሽ ሴቶችን እያስጠለለ የሚያሳክመው አጋር ኢትዮጵያም እዚያው አዲስ አበባ ነው። ለተደፈረች ሴት ደግሞ ይህን ሁላችሁም ያዙ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ። ዓመታት ካለፈም አልረፈደም፤ ለምርመራውም ለመንፈሷም ትሂድ።

ሦስተኛ፣ ንባብ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለተጨነቀ ሰው ያዘጋጀው በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ አለ፤ በነጻ ይሰጣል፣ በድምፅም አለው። የስደተኛ ድርጅት ሠራተኞችንና የጤና ባለሙያዎችን “የጭንቀት መለማመጃውን መጽሐፍ ከየት ላግኝ?” በያቸው። የመጀመሪያው ትምህርቱ መሬት መያዝ ነው። ባነንሽ እንበል። እግርሽን መሬት ላይ ጫን አድርጊ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ጀበናውን እዪ፣ ረከቦቱን እዪ፣ የምትሰሚውን ድምፅ ለዪ፣ የያዝሽውን ሲኒ ሙቀት ልብ በይ። “ይህ ካርቱም አይደለም፤ ዛሬ ነው፤ እናቴ ቤት ነኝ” በይ። ቀላል ነው ብለሽ አትናቂው፤ በደህናው ሰዓት በቀን ሁለቴ ተለማመጂው፣ በክፉው ሰዓት እንዲታዘዝልሽ።

አራተኛ፣ የማታደርጊው። ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን አትግዢ፤ መልመዱ ሌላ በሽታ ነው። አረቄና ጫትም ለአንድ ሌሊት አበድረው በማግስቱ በወለድ ነው የሚቀበሉሽ። ጠበሉን ካረፍሽበት አትተዪው፤ ሙስሊሟም ዱዓዋን እንደዚያው። ከሐኪም ጋር አብሮ ይሄዳል። የሚገርፍሽ ወይም በሰንሰለት የሚያስርሽ ካለ ግን ከዚያ ውጪ!

ለእናትና ለጎረቤት

እማማ፣ ይህቺ ለእርስዎ ናት፤ ልጅዎ ታንብብልዎት። እርስዎ “እርሺው” ያሏት ስለሚወዷት ነው፤ አውቃለሁ። መርሳት ግን በእጇ አይደለም። እሷ ብትረሳውም ሰውነቷ አልረሳም።

“ባልየው ምን አደረገሽ?” ብሎ ማስጨነቅም አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ክፉ ነገር የደረሰበትን ሰው ቁጭ አድርጎ “ሁሉንም ተናገር” ማለትን አይመክርም። በራሷ ጊዜ፣ ለመረጠችው ሰው ትናገር። ልትናገር ስትጀምር ደግሞ “ተይው፣ ይህን ነገር አታንሺ” አይበሏት። ዝም ብለው ይስሙ። እርስዎ የሚሰጧት መድኃኒት ከፋርማሲ አይገዛም፤ “ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እኔ አለሁ” ማለት ብቻ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ከጎን ያለ ሰው ማለት ይኸው ነው።

ለትዳር የጠየቅሃት ወንድሜም፣ ይህን ካነበብክ፣ ከሸሸችህ ጠልታህ ላይሆን ይችላል። አትከታተላት፣ አታስጨንቃት። እንደምትጠብቃት አንድ ጊዜ ንገራትና ውሳኔውን ለእሷ ተውላት።

እህቴ፣ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ “ይህን ጽፌ ስጨርስ እጄ መንቀጥቀጡን ተወ” ብለሻል። ጀምረሻል ማለት ነው። ሰኞ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ አንድ ሰው አስከትይ፤ ያሉሽንም ጻፊልኝ። እናንተም በየቤታችሁ ሌሊት የሚጮህ አባት፣ የድስት ክዳን የሚያስደነግጣት እህት ካለች፣ ነገ ጠዋት ሻዩ ሲቀርብ እንዳልሰማ አትሁኑ። እኔ ጊዜው አልፎኛል፤ እናንተ አላለፋችሁም።

ሳምንት በፍቅር ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!